የይሄይስ ኮፍያ

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ዛሬ የአክስቴ ልጅ ይሄይስ የጆሮው ቁስል የምርመራ ውጤት ስለሚነገረው አብሬው ደብረ ታቦር ሄድሁ። ይሄይስ ከተወለደ ጀምሮ ቆዳውም ጠጉሩም ነጭ ነው። ከመናኸሪያው እንደወጣን ሰፊ ኮፍያውን ነጥቄ ጃኬቴ ውስጥ ሸጎጥሁት።

«አምጣ እንጂ አንተ! ፀሐዩ ያቃጥለኛል እኮ!»

«ቅቤ ነህ እንዴ የምትቀልጠው?»

ጆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ እስከ ሆስፒታሉ ሄደ። እኔ ከኋላው እየሳቅሁ።

ሐኪሟ ቁስሉ የቆዳ ካንሰር ነው አለችው። ቆዳው ፀሐይ የሚመክትበት ቀለም ስለሌለው ነው አለች። ደግነቱ ገና ትንሽ ነው፤ የፊታችን ሰኞ ቆርጠው ያወጡለታል። ከተቆረጠው ጠርዝ ላይ የቀረ ካንሰር ከተገኘ ግን እንደገና ይቆረጣል። ከዚያ የቀላ ፊቱን አየችና ተቆጣች።

«ያለ ኮፍያ እንዳትወጣ አላልሁህም?»

ኮፍያው ደረቴ ላይ ነበር። ይሄይስ አንዴ አየኝና፣

«ነፋስ ወሰደብኝ፣ ዶክተር» አላት።

በአባቴ ዱላ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ደጅ ወጥተን ኮፍያውን ራሱ ላይ ላደርግለት እጄን ሳነሣ ግንባሩን ከልሎ ሸሸኝ። ሌላ ቀልድ መስሎት።