ሻርቦን ሲሮጥ የተነሳው ፎቶ

ለወንድም ጋሼ በዕውቀቱ፦

እንደምን ሰንብተሃል? ቆመህ ስትውል የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ቦንቱስ ደህና ናት? የእማዬ ዓይን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቻለ? እኔ ሙቀቱ እንደ ሻማ ሊያቀልጠኝ ምንም አልቀረው እንጂ፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

በወረቀት የምጽፍልህ ደብዳቤውን የምታደርስልኝ ሙኒራ ነገ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ስለምትመጣ ነው። ከደብዳቤው ጋር ፍላሽ አለ። በስልክ የተላከ ፎቶ ሲታተም ይደበዝዛል ትል የለ? ታዲያ አንብበህ ሳትጨርስ ፍላሹን እንዳትከፍተው።

የምሠራላቸው ማዳም ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊገቡ መሆኑን ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ የውሻቸውን ነገር ነው። ሻርቦን ይሉታል፣ ከሰል ማለት ነው፤ መልኩም ከሰል ነው። በአምቡሊ በኩል የጫት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በየቀኑ በደጃችን ይበራል፤ ሻርቦን ደግሞ በአጥር ውስጥ ሆኖ እሱን ማባረር ነበር ሥራው። መጋቢት ላይ፣ ጥግ ላይ ጫት ከምትሸጠው ከዙለይካ ጋር የጎረቤት ሠርግ ሳማ በሩን ሳልዘጋው ቀረሁ። ሻርቦን ወጥቶ ሲያባርር መኪናው የኋላ እግሩን ሰበረው። ማዳም አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እግሩ ድኗል፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሮጦ አያውቅም። ማዳም የሚበሩት ሐሙስ ማታ ነበር፣ የውሻው የጉዞ ወረቀት ግን አልተሟላም። መሮጥ ያቃተው ውሻ ሜዳ ላይ ተጥሎ በድንጋይ ከሚሞት ብለው፣ ሐኪም ሐሙስ ሰባት ተኩል መጥቶ በመርፌ እስከ ወዲያኛው እንዲያስተኛው ቀጠሩ። እዚህ ያደረሰው እኔ ሳልዘጋ የተውኩት በር ነው።

ጠይቄ አስጠይቄ ከይረዲን የሚባል የመጋዘን ጥበቃ ኃላፊ አገኘሁ። ጤነኛ ከሆነ እወስደዋለሁ፣ ግን እስከ ቅዳሜ ዲኪል ከተማ ነኝና ፎቶ ላኪልኝ አለ። የፎቶ ቤት ልጅ አይደለሁ? ረቡዕ ውሻውን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ሻሽ አስሬ፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ልክ አባባ ሰው ሲያነሳ እንደሚያደርገው ቀጥ አድርጌ አነሳሁት። ከይረዲን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ልትድሪልኝ ነው እንዴ? እኔ የምፈልገው ሌባ የሚያባርር እንጂ የሚሞሸር አይደለም። ሲሮጥ አሳዪኝ፣ አለዚያ ይቅር።»

ሐሙስ ረፋዱን ሙሉ ኳስ ወረወርኩ፣ ሥጋ አሳየሁ። ጥላ ስር ተጋድሞ ያየኛል። ስድስት ሰዓት አለፈ። የማዳም ሻንጣ ተደርድሯል፤ እሳቸው ውሻውን ላለማየት ጓዳ ገብተዋል። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ብቻ እንደቀረኝ የገባኝ። ያው መኪና፣ ያው በር።

መኪናውን እንድታስቆምልኝ ዙለይካን ለመንኳት። ውሻ ልብሷን ከነካት ሰባቴ የምታጥብ ሴት ናት። «አንዴ ሰበርሽው፣ አሁን ልትገድይው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ግን «ሹፌሩ ለሰው አይቆምም፣ ለጫት ሻጭ ግን ይቆማል» ብላ ቢጫ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መኪናው በሚመጣበት በኩል ከበራችን ሃምሳ እርምጃ ወዲያ መሃል አስፋልት ላይ ቆመች።

የቀትር ፀሐይ የፎቶ ጠላት ናት ስትል ሰምቼሃለሁ። ጥቁር ውሻ ላይማ እግሩ ከሆዱ አይለይም። ነጩ አሸዋ ብርሃኑን ወደ ላይ እንዲመልስልኝ ከበሩ ጎን መንገዱ ዳር ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ እስካሁን ቆስሏል።

ጥሩምባው ተሰማ። የሻርቦን ጆሮ ቆመ፣ ገላው ግን አልተነሳም። በሩን በረገድኩት። መኪናው ቀረበ፤ ዙለይካ እጇን ዘርግታለች፤ መኪናው አልቀነሰም። ጊዮርጊስን ጠራሁ፤ ለውሻ ስለት ይሳላል ወይ ብለህ አትሳቅብኝ። ድንገት ጥቁር ነገር በጎኔ ተወርውሮ አለፈ። ጣቴን ስልኩ ላይ ተጭኜ ቀረሁ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የሰማሁት የፍሬን ጩኸት ነው።

ስገልጥ መኪናው ከዙለይካ አንድ ክንድ ያህል ላይ ቆሟል፤ ሻርቦን ጎማውን እየዞረ ይጮህበታል። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አሮጊቷ፣ ሞት ቸኮለብሽ?» ሲላት «ጫቴን ሳልቀበል አልሞትም፣ አውርድ» አለችው።

ሰላሳ አራት ፎቶ ተነስቷል። ሰላሳ ሦስቱ አቧራ፣ ጭራና የኔ አውራ ጣት ነው። በአንዱ ግን አራቱም እግሮቹ አየር ላይ ናቸው፤ ጥላው ከሆዱ ስር መሬት ላይ ቀርቷል። ከሁሉም ይልቅ የተዘረጋው ያ የተሰበረው እግር ነው። ለከይረዲን ላክሁለት። ሐኪሙ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ደጅ ሲደርስ መልሱ ገና አልመጣም። ማዳም ስልኬን ተቀብለው አንዴ አዩ፣ ደግመው አዩ፣ ከዚያ ሐኪሙን አመስግነው ከደጅ መለሱት። የከይረዲን የድምፅ መልእክት ከዚያ በኋላ መጣ፤ «እስከ ቅዳሜ ያዢልኝ፣ ስለ መኪና ግን ምከሪው» ይላል።

ማታ ማዳም ታክሲ ሊገቡ ሲሉ የበሩን ቁልፍ ለኔ ሰጥተው «አንቺ ዝጊው» አሉኝ። ሁለቴ ቆለፍኩት።

ለጊዜው ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ዙለይካ ቤት ነኝ። «እንዳይነካኝ» እያለች ሻርቦንን በጫት ገመድ ከጠረጴዛዋ እግር አስራው ሰነበተች፤ ዛሬ ጠዋት ከይረዲን ሲወስደው ግን ወደ ጓዳ ዞር አለች። እንግዲህ ፍላሹን ክፈት። አትምልኝና መስኮቱ ላይ፣ ቀጥ ብለው ከቆሙት ሙሽሮች መሃል ስቀልልኝ።

ቦንቱን፣ እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ በላት። ትንሿን ይዲድያን ጉንጯን ንከስልኝ፣ አክስትሽ ውሻ ላከችልሽ በላት። ጎረቤታችን ጋሽ ባፈናን እጅ ነስታለች በልልኝ። አንተም ወገብህን አሳሽ።

እህትህ አዳነች
ጅቡቲ፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.