የአቶ ልዑል ባንቴ ድምፅ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

አቶ ልዑል ባንቴ ከአባታቸው ከአቶ ባንቴ ውቤና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩዬ ደስታ በ1950 ዓ.ም. በጎጃም ደምበጫ ተወለዱ። ሲወለዱ ለቅሷቸው እስከ ገበያው ተሰማ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ሰው አስለቀሱ እንጂ ራሳቸው አላለቀሱም።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1972 ዓ.ም. በሬዲዮ ዜና አንባቢነት ተቀጠሩ። ሲያነቡ የተጣሉ ባልና ሚስት እንኳ ጠባቸውን አቁመው ይሰሟቸው ነበር። አብሯቸው የሚያነብ ሰው ከተደናቀፈ ግን ቀረጻውን አስቁመው «ከመጀመሪያው» ይሉታል። ይህቺ ቃል ከስቱዲዮ ተከትላቸው ቤት ገባች። በ1977 ዓ.ም. ወ/ሮ ወርቅነሽን አግብተው ቢኒያምንና ቃልኪዳንን ወለዱ፤ ልጆቹም እራት የሚበሉት የማዕድ ጸሎቱን ሳይሳሳቱ ከጨረሱ ብቻ ነበር። ቃልኪዳን ቀጭን የሆነችው በዚህ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የምክር ቤት አባል ሆኑ። አምስት ዓመት ተናገሩ፤ ያሉትን የሚያስታውስ አልተገኘም፣ ድምፃቸውን ግን ሁሉም ያደንቃል።

በ2005 ዓ.ም. ዲፕሎማት ሆነው ሪያድ መጡ። ባለጉዳይ ሁሉ ማመልከቻውን ቆሞ እንዲያነብላቸው ያዝዙ ነበር። አንድ ሐሙስ መስከረም የምትባል የቤት ሠራተኛ ገባች። ፓስፖርቷን ከፊሏ፣ ማለት አሠሪዋ፣ ይዞባታል፤ እናቷ ወሎ ላይ እያጣጣሩ ስለሆነ የመሄጃ ወረቀት ፈለገች። «እናቴ» የሚለው ላይ ስትደርስ እንባ አነቃት።

«ከመጀመሪያው፣ እህቴ።»

አራት ጊዜ አነበበች፤ አራቴም እዚያው ላይ ተሰበረች። «ጋሼ፣ የቀረውን እርስዎ ያንብቡት» ብትላቸው፣ «የእኔ እናት ናቸው እንዴ?» አሏት። ሰዓት ደረሰ፣ ቢሮው ተዘጋ፤ ኸላስ፣ አለቀ። አርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። እናቷ ቅዳሜ ዐረፉ። እሑድ ወረቀቱን ሲፈርሙላት ጠረጴዛቸው ላይ ትታው ወጣች።

ወ/ሮ ወርቅነሽ ይህን ሲሰሙ አፈላልገው ቤታቸው አስገቧት። አቶ ልዑል በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው እዚሁ ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር፣ ልጃቸው ቢኒያም ዘንድ ሲኖሩም አብራቸው ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ስትሮክ ምላሳቸውን ያዘው። ሆስፒታል ተኝተው ውሃ ለመጠየቅ «ው... ው...» ሲሉ፣ መስከረም ብርጭቆውን እንደያዘች «ከመጀመሪያው፣ ጋሼ» ትላቸው ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ትሰጣቸዋለች። አራተኛ አስብላቸው አታውቅም።

በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። አስከሬናቸው አገር የሚገባበት ወረቀት በአንድ ቀን አልቋል። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ሶሊያና ይህን ጽሑፍ መስከረም እንድታነበው ወስነዋል። ብትደናቀፍ ማንም አያቋርጣት።

ፈጣሪ የነፍሳቸውን ማመልከቻ አንዴ ሰምቶ እንዲቀበላቸው፣ «ከመጀመሪያው» እንዳይላቸውም እንለምናለን።