ሶፋ የተጫነባት ኤሊ

ማክሰኞ

ሶፋውን የጣለው ሰው ጉድጓዱን አላየው ይሆናል። በምንኖርበት አሊያንቴ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው በረሃ ላይ የአንዲት ኤሊ ጉድጓድ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ አያታለሁ። ዛሬ ግን የጉድጓዱ አፍ ላይ ትልቅ ሶፋ ተጋድሟል። ዙሪያው ፍራሽ፣ ጎማ፣ የተሰበረ ቴሌቪዥን። በጎን በቀረው ክፍተት በስልኬ ሳበራ ውስጥ ናት፤ እግሯ ላይ የልደት ፊኛ ሪባን ተጠምጥሟል።

እጄን ልሰድ ብዬ ፈራሁ። ደግ አደረግሁ። የበረሃ ኤሊዎችን የምትከታተል ዳያና የምትባል ባለሙያ ጋ ደወልኩ። "እንዳትነኪያት" አለችኝ። "ከደነገጠች በሰውነቷ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቃለች፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ያ ሞቷ ነው።" ውስጡ ስለሚቀዘቅዝ እስከ ቅዳሜ ትቆያለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተማመንም አለች። ኤሊ ለመንካት መንግሥት የሚጠይቀውን ፈቃድ እሷ ትጨርሳለች። ሰው ማምጣት የእኔ ነው። ቢያንስ አሥር።

ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ለሰናይት ነገርኳት። እሷም እንደኔ የሆቴል ክፍል ነው የምታጸዳው። "አምስት ቀን ያጸዳሽው አልበቃ ብሎሽ በረሃ ልትጠርጊ?" ብላ ሳቀች። ቢሆንም ስሟን ጻፍኩት።

ከሺፍት በኋላ ጋሼ ተክሌ ቤት ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ፒካፕ ያለው የማውቀው ሰው እሳቸው ብቻ። "ልጄ፣ እኔ በረሃ በእግሬ አቋርጬ ሱዳን የገባሁ ሰው ነኝ" አሉኝ። "በረሃ ከሰው ሲወስድ እንጂ ሰው ለበረሃ ሲለፋ አላየሁም።"

"እርስዎ ካልመጡ ሶፋውን የሚጭንልን የለም" አልኳቸው።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

ከሥራ ቦታ ሌሎች ሁለት እሺ ብለዋል፤ እስካሁን ከእኔ ጋር አራት ሰው።

ሐሙስ

ጓንት፣ ወፍራም ከረጢት፣ አካፋ፣ ባርኔጣ፣ ውሃ። ውሃ በደንብ ይጨመር። ኤሊ መኪና ጥላ ሥር ስለምትገባ ከመንዳታችን በፊት ሥሩን ቼክ እንድናደርግ ዳያና ቴክስት አደረገችልኝ። ጥሪውን የቤተ ክርስቲያናችን ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። አንዱ የሚስቅ ፊት ላከ። ሌሎች ሦስት እንመጣለን አሉ። ሰባት። አይበቃም።

ዓርብ

ነፋስ። ቁጥቋጦው ሁሉ ላስቲክ ለብሷል።

ሱፐርቫይዘሬ ነገ ኦቨርታይም ግቢ አለችኝ። ስድስት ዓመት እምቢ ብያት አላውቅም። "ነገ አልችልም" አልኳት። ምን አለብሽ ስትለኝ "ኤሊ" አልኳት። አልገባትም። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ቀለል ሲለኝ ዋለ።

ቅዳሜ

ሃያ ስድስት ሰው! እመጣለሁ ያለው ሁሉ ዘመድ ጓደኛውን ይዞ መጥቷል።

ከሁሉም ቀድመው የደረሱት ጋሼ ተክሌ ናቸው። ፒካፑ ላይ ገመድና ሳንቃ ጭነዋል። ሐሳባቸውን ምን እንዳስለወጣቸው ሳልጠይቅ ውሃ ሰጠኋቸው።

ወንዶቹ ሶፋውን ሊጎትቱ ሲይዙት ጋሼ ተክሌ ጮኹባቸው። "አትጎትቱ፤ አፈሩ ይናዳል። ስንሰደድ ቀን ቀን እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ነበር የምንተኛው። አንድ ጓደኛችን ላይ ተንዷል።" ይህን ከዚህ በፊት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። በግራና በቀኝ ሳንቃ አነጠፉ፤ ስምንት ሰው ሳንቃው ላይ ቆሞ ሶፋውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። አንዲት ጠጠር አልወደቀችም።

ዳያና በሆዷ ተኝታ ሪባኑን በመቀስ ቆረጠች። ሁላችንም ርቀን ቆምን። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ የኤሊዋ ጭንቅላት ወጣ፣ ቀጥሎ እግሮቿ፤ ቀስ እያለች ወጥታ አጠገቧ ያለውን ቢጫ አበባ መብላት ጀመረች። ሰናይት አለቀሰች። ጋሼ ተክሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

የቀረውን ቆሻሻ እስከ ረፋድ ለቀምነው። ፒካፑ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ሜዳው የእኛ አልመስል አለኝ።

እሑድ

ወገቤ አልታጠፍ ብሏል። ቅዳሴ ላይ ስሰግድ ሰናይት ደግፋ አነሳችኝ።

ከሰዓት ዳያና ደወለች። ዛሬ ጠዋት ሄዳ አይታለች። የጉድጓዱ አፍ ላይ አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ፤ እንቁላል ሳትጥል አልቀረችም። መውጫ አጥታ ይዛው ቆይታ ይሆናል አለች። ስንቱ እንደሚፈለፈል ግን አይታወቅም። ቢፈለፈሉም ቁራ ይለቅማቸዋል።

ወዲያው ለጋሼ ተክሌ ደውዬ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ቁራውን ማን ነው የሚጠብቀው?" አሉ።

"ጫማዬን እያጠለቅሁ ነው" ብለው ስልኩን ዘጉት።