ለሁለት የተቆረጠው የፓርቲ ታፔላ

ለተከበሩ አቶ ተገኘ፣ የሶሻል ዴሞክራሲ ፓርቲያችን ሊቀ መንበር ለነበሩት፣ አሁን ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ለሆኑት፤
ሆሳዕና

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ የእኛን ባይጠይቁም እኛ የእርስዎን በቴሌቪዥን እናያለን፤ ፊትዎ ወዝ አግኝቷል፣ ተመስገን።

የሟቹ የመምህር ሆሴዕ ባለቤት ጣቢታ ነኝ። ለእሑድ ምረቃ ያዘጋጁትን የፓርቲያችንን የታሪክ መጽሐፍ አነበብኩት። ባለቤቴ «በገዛ ፈቃዳቸው ከፓርቲው ተለዩ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ብዕር አነሳሁ። እንዲሰርዟት በታላቅ ትሕትና የምለምነው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ ፓርቲው የተወለደው እንደጻፉት በአዳራሽ ሳይሆን በእኛ ጓሮ፣ በመስቀል ቅርጫ ላይ ነው። ሀዲያው፣ ከምባታውና ባለሱቁ ጉራጌ አንድ በሬ አርደው ሥጋውን በእንሰት ቅጠል ላይ ሲመድቡ ማንም የማንንም የቤት ቋንቋ አልጠየቀም። ሆሴዕ «አገሩም እንዲህ ቢሆን ምን አለበት?» አለ፤ እርስዎም አጨበጨቡ። ታፔላ ስላልነበረን የወጥ ቤታችንን የቆርቆሮ በር ነቅሎ «ሶሻል ዴሞክራሲ» ብሎ የጻፈበት እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንበሩ አንድ ፈላጊው ሁለት በሆነ ጊዜ፣ በእርስዎና በምክትልዎ ብልሃት ፓርቲው የሀዲያና የከምባታ ተብሎ ተከፈለ። ማንም እንዳይበደል ብላችሁ ታፔላውንም ለሁለት ቆርጣችሁ እንደ በሬው መደባችሁና እጣ ጣላችሁበት። «ሶሻል» የሚለው ለከምባታዎቹ ወጥቶ ወደ ዱራሜ ሄደ፤ «ዴሞክራሲ» ለእርስዎ ደረሰዎት። ይህ ፍትሐዊነታችሁ በታሪኩ ውስጥ አለመጻፉ ያሳዝናል።

ሦስተኛ፣ ሆሴዕ «እኔ ሀዲያ፣ ሚስቴ ከምባታ ናት፣ ልጆቼን የት ላይ ልቁረጣቸው?» ብሎ እጣ አልጥልም በማለቱ እጅ አውጥታችሁ አባረራችሁት። መጀመሪያ የወጣው እጅ የእርስዎ ነበር። እሱ «ፓርቲያችን» እንዳለ ሞተ፤ እርስዎ ፓርቲውን ትተው ወደ መንግሥት ሹመት ገቡ።

ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ፤ በተለይ በቀብሩ ላይ ያባረሩትን ሰው «ወንድሜ» እያሉ ስላለቀሱለት። መሐረብ ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ። መሐረቡን ግን አይመልሱልኝ፤ ተጸይፌዋለሁ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር እስክትሰረዝ ከደጅዎ የማልጠፋው፣ ወጥ ቤቴ ዛሬም ያለ በር የቀረው፣
አክባሪዎ ጣቢታ

ማሳሰቢያ፦ የደረሰዎት ግማሽ ታፔላ የዶሮ ቤትዎ በር ሆኖ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። የሐበሻውም የፈረንጁም ዶሮ በእሱ ገብቶ አንድ ቆጥ ላይ ያድራል። ሆሴዕን ያባረራችሁት ይህንኑ ስላለ ነበር።