ስለ ሄሊኮፕተሬ አዲስ ሞተርና ስለ ክቡርነትዎ ጥንቃቄ

ለክቡር አቶ በዛብህ
የልዩ ልዩ ዕቃዎች ጥበቃና ምርመራ ንዑስ ክፍል ኃላፊ
እንጅባራ

የካቲት 2007 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤተሰብዎም በያሉበት የተባረኩ እንዲሆኑ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ። እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ሬዲዮና ሞባይል የምጠግነው ምስጋናው ውዱ፣ በክፍልዎ ኮሪደር ስቆም ከያዘኝ የወገብ ሕመም በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደጅ በጠናሁባቸው ሳምንታት ሁሉ ፊትዎን ለማየት ስላልታደልኩ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ መገደዴን በቅድሚያ ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ክቡርነትዎ ጉዳዩን ለመስማት ጊዜ ያላገኙ በመሆኑ ከመነሻው ላስረዳ። አባቴ አቶ ውዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበሩ፤ ባለፈው ክረምት ግን ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋሉ። ዳማ ፈረሳቸውን አሁን የሚጋልብላቸው የአክስቴ ልጅ ምንይችል ነው። የአባቴ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ በጥር ወሩ የፈረሰኞች በዓል ዳማ ሜዳው ጫፍ ሲደርስ እንደ ቀድሞው ልጓም ሳይሳብበት፣ በጉልበት ንክኪ ብቻ ይዞር እንደሆነ በዓይናቸው ማየት። ተሸክመን እንውሰድዎ ብንላቸው፣ ፈረሰኛ ወደ ሜዳ በቃሬዛ አይገባም፣ በቃሬዛ የሚኬደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብን። በሞባይል እንዳንቀርጽላቸው፣ በዚያ ሜዳ ዳር በሞባይል የሚቀረጸው የሰው ማጅራትና ጃንጥላ መሆኑን በዓሉን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ከአንድ የጫግኒ ነጋዴ ለጊዜ ማሳለፊያ የገዛኋት፣ በሪሞት የምትበር፣ ከክንድ የማትረዝም ሄሊኮፕተር ነበረችኝ። በአሮጌው ሞተሯ ውስጥ እየተፋተጉ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ካርቦኖች ነበሩ፤ ካርቦን ደግሞ ሲፋተግ ይግላል፣ ይበላል፣ ጉልበትም ይሰርቃል፤ ስለዚህ ትንሽ ካሜራ ባስርባት እያቃሰተች ከጓሮው አጥር ሳታልፍ ትወርድ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ሀይማኖት ካርቦን የማያስፈልገውን፣ ብራሽለስ የሚባለውን ሞተር ከነመቆጣጠሪያው አፈላልጋ ላከችልኝ። የሞተሩ ዘንግ ወፍሮ ፒኞኗ፣ ማለትም ትልቁን ጥርስ የምታዞረው ትንሿ ጥርስ፣ አልገባ ብትለኝ ቀዳዳዋን በቀጭን ሞረድ ስፍቅ ሰነበትኩ። ሦስቱን ሽቦዎች ባገናኝ ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረ፤ ሁለቱን አቀያይሬ ባስር ቀና። ካሜራዋን ተሸክማ ከባሕር ዛፉ ጫፍ በላይ ስትወጣ አባቴ በመስኮቱ አይተው በአገው ቋንቋችን በአውንጊ መረቁኝ፤ ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸውም ያን ዕለት ነው። እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ክፍልዎ ለዋለልኝ ውለታ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1. አሮጌው ሞተር እንደ እህል ወፍጮ ሲጮህ ጎረቤትም ሆነ መንግሥት አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አዲሱ ድምፁ ሲቀንስ ግን ባለሙያዎችዎ ወዲያው ነቁ፤ ድምፁን የቀነስከው ማን እንዳይሰማህ ነው ብለው ሄሊኮፕተሯን ከነሪሞቷ፣ ከነካሜራዋ ወሰዱ። ምን እንደምመልስ ጠፍቶኝ ዝም ብል፣ ዝምታዬ በቃለ ጉባኤ ተያዘልኝ። ለዚህ ንቃት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2. ፈቃድ አምጣ ተባልኩ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ይህን ማወቅ የአመልካቹ ድርሻ መሆኑ ተነገረኝ። ተሽከርካሪ የሚመዘግቡት ጎማ የሌለውን አንመዘግብም አሉኝ፤ የበዓሉን ዝግጅት የሚመሩት ደግሞ ከበዓሉ በኋላ ብቅ በል አሉኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሄሊኮፕተሯ ከመያዟ በፊት ዳማ አጠገብ ስትነሣ ያየ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄጄ ፈረስ እንደማታስበረግግ አስጽፌ አመጣሁ። ክፍልዎም ያልበረገገው አንድ ፈረስ ብቻ ስለሆነ የሌሎቹ ፈረሶች አስተያየት ይቀራል ብሎ መለሰው። ሳልታዘዝ ይህን ማሰብ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

3. በበዓሉ ዋዜማ የክፍልዎ ዘበኛ መጥቶ ሲጠራኝ ተፈታችልኝ ብዬ ሮጥኩ። ለካ ክብርት ሄሊኮፕተሬ በምርመራ ላይ እንዳለች የክብር እንግዶችን እንድትቀርጽ ተመድባ ኖሯል። እኔው ላብርር ብል፣ ተጠርጣሪ በምርመራ ላይ ያለ ንብረት እንዲነካ ደንቡ አይፈቅድም ተባልኩና፣ ሠራተኛዎን ወይዘሪት ዋጋዬን ሳልነካ በአፍ ብቻ አሠለጠንኩ። አይዋሽም፣ ልጅቷ እጇ ረጋ ያለ ነው። የቀድሞው ሞተር ሲገፉት የሚለግም፣ ይህኛው ግን በትንሹ የሚወነጨፍ መሆኑን ደጋግሜ ነገርኳት። በልቤም፣ ማንም ያብርራት ማን፣ ከሰማይ ላይ ሆና ዳማን ታያለች፣ አባቴም ያያሉ ብዬ ተጽናናሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

በዓሉ ዋለ። እኔ ሰው ከሚከለክለው ገመድ ወዲያ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አንጋጥጬ አየሁ። ሄሊኮፕተሬ ከእንግዶቹ ድንኳን ላይ ንቅንቅ አላለችም፤ ወደ ሜዳው ሦስት አራት ጊዜ ዘንበል ባለች ቁጥር አንድ ሰው ወይዘሪት ዋጋዬን በእጁ እየጠቀሰ ወደ ድንኳኑ ያስመልሳት ነበር። በመጨረሻም ንግግር አድራጊው በቅርብ ይታዩ ተብሎ ዝቅ ስትል የድንኳኑን ገመድ መታች። ክንፏ በገመዱ ተጠላልፎ ሞተሩ መዞር ቢያቅተውም፣ ከኋላዋ አንሺያት አንሺያት የሚለው ትእዛዝ አላቆመም ነበርና፣ ልጅቷ ደንግጣ የሪሞቱን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፋችው። ቆሞ የተያዘ ሞተር ኤሌክትሪክ ሲጋት ምን እንደሚሆን ለክቡርነትዎ አልነግርም፤ ጭሱ ሸትቶዎታልና። ከነመቆጣጠሪያው ነደደ። ወይዘሪት ዋጋዬ ስብርባሪዋን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛልኝ መጥታ አለቀሰች፤ ከክፍልዎ ይቅርታ ያለኝ የእርሷ እንባ ብቻ ነው።

ሆኖም የካሜራው ሚሞሪ ተርፎ ነበርና አባቴን በትራስ ደግፈን አስቀምጠን በኮምፒውተር ከፈትኩላቸው። እርሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ወንበር አዩ። የታሸገ ውሃ አዩ። ሪባን አዩ። አንድ ጊዜ በምስሉ ጥግ አቧራ ተነሥቶ የፈረስ እግሮች ብቻ ሽው ሲሉ፣ አባቴ ሕመማቸውን ረስተው በክርናቸው ተነሡ፤ ወዲያው ምስሉ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያልቅ ፈረሶቹስ፣ ልጄ፣ አሉኝ። እኔም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጠጋኝነቴን ይዤ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ምንይችል ዳማ በደንብ ዞሯል ይላቸዋል። አባቴ ግን የጋላቢ ወሬ ጋላቢው ራሱ የሚጋልበው ነው ብለው አያምኑትም። ለመጪው ጥር ይደርሳሉ ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ሐኪሙም አላታለለኝም። ሌላ ሞተር ማስመጣት አልችልም፤ ባስመጣም የት እንደሚያድር አውቃለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ካሳ አይደለም፤ ክስም አላስብም፤ ማንን ለማን እከሳለሁ? ወይዘሪት ዋጋዬ እንደነገረችኝ፣ እርስዎ ከሜዳው ፊት ለፊት፣ ከፊተኛው ረድፍ መሃል ተቀምጠው ነበር። ከቤታችን ብቅ ብለው፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ለአፍታ አረፍ ብለው፣ ዳማ እንዴት እንደዞረ ለአባቴ በአንደበትዎ ይንገሯቸው። አባቴ ሹም አይዋሽም ብለው ያደጉ ሰው ናቸውና ያምኑዎታል።

በቀረው ዕድሜዎ እግዚአብሔር የዕቃ ጥበቃ ሐሳብ ጨርሶ እንዳያጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ደጅዎን ብቻ አውቆ የቀረ፣ በምርመራ ላይ ያለ ትሑት አገልጋይዎ፣

ምስጋናው ውዱ
ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ምስሉን እንደገና አየሁት። ያ አቧራ ባለፈበት ቅጽበት ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፈረሶቹን ለማየት ብድግ ብሏል፤ ከወንበሩ ያልተነሣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክቡርነትዎ ቀና ብለው ለካሜራው ፈገግ እያሉ እጅ ይነሡ ነበር። እንግዲያው ዳማን እርስዎም አላዩትምና፣ መምጣቱ ይቅርብዎ።