የሁለተኛው ገጽ አርባ አንድ ሰከንድ

«በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የነበረው አርባ ሰከንድ ያህል የክፍል ጫጫታ የሙዚቃው አካል ስላልሆነ በዚህ ዳግም እትም ተወግዷል። አድማጮቻችን ንጹሑን ዳንስ ብቻ እንዲሰሙ ጥረናል።»

ይህን ቃል በቃል የገለበጥኩት አንቺው ካሳተምሽው ሸክላ ሽፋን ጀርባ፣ ከታች ካሉት ሁለት መስመሮች ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ስለ እሱ የምለው አለኝ። ነገር ግን ሰላምታ ሳያስቀድም የሚጣላ ልጅ በዚህ ቤት ስላላደገ ንዴቴን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጌ እንደ ወጉ ልጀምር።

ውድ እህቴ ድንቡሼ፣ እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም እንዴት አደረገሽ? ሸክላ የታጨቀበትን ካርቶን ራስሽ እንዳትሸከሚ ብዬ የለመንኩሽን ሰማሽኝ ወይስ እንደ ልማድሽ በአንዱ ጆሮሽ አስገብተሽ በሌላው አወጣሽው? ባለቤትሽ ደህና ነው? ትንሿስ፣ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት። አክስታችን ጉልበቷን አሟት ደረጃ መውጣት ትታለች እንጂ ምላሷ እንደ ወትሮው ነው። አባባም ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይራመዳሉ፣ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ጋር ዳማ ይጫወታሉ፣ ሲሸነፉም ሰሌዳው ጠሟል ብለው ይከራከራሉ። የጆሯቸውን ነገር ግን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

የላክሽው ካርቶን ሰኔ 2 ቀን ደረሰ። ሦስቱም ሸክላዎች ጭረት ሳይነካቸው ነው የገቡት፤ አስተሻሸግሽ ያስመሰግንሻል። ሥራዬ የሰው ሚዛን መፈተሽ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥጋ ሻጩን፣ የወርቅ ሠሪውን፣ የመድኃኒት ቤቱን ሚዛን ስፈትሽ፣ ትክክል ለሆነው ማኅተም ስመታ፣ ላልሆነው ስከለክል ኖሬያለሁ። ስለዚህ የአንቺንም ሥራ በዚያው ዓይን አየሁት። የሁለቱ ልጃገረዶች አዲስ ሥራ፣ ከበሮውን በማሽን የሚመቱት፣ መጀመሪያ ስሰማው የልብስ ማጠቢያችን የተበላሸ መስሎኝ ተነሥቼ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ግን እግሬ ሳያስፈቅደኝ ወለሉን ሲመታ ያዝኩት። ባለቤቴ አይታኝ «እሰይ፣ ተቆጣጣሪው ራሱ ተወዛወዘ!» ብላ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። የድሮው የባቡር ሠራተኞች ባንድ ዳግም እትም ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን የሸክላው ቀዳዳ ከመሐል ትንሽ ፈንገጥ ስላለ መለከቱ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ለማተሚያ ቤቱ ንገሪያቸው።

ሦስተኛው የአባባ ሸክላ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊተኛው ክፍል ተሰበሰብን። አባባ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ለበሱ፤ ስሊፐራቸውን አውልቀው ጫማ አደረጉ። አክስታችን መጣች፣ ልብስ ሰፊውም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሽፋኑን አባባ በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። የባንዱ ፎቶግራፍ ላይ በቤዝ ጊታራቸው ተደግፈው የቆሙትን ጎልማሳ በጣታቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ ጎረምሳ የማን ልጅ ነው?» ብለው አሳቁን። መርፌው ሲያርፍ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም። የቤዙ እያንዳንዱ ምት ደረት ላይ ያርፋል። ሥራሽን በዚህ በኩል አከብራለሁ። አክስታችን ከልብስ ሰፊው ጋር ተነሥታ ስትደንስ እሱ «ጉልበትሽስ?» ቢላት «የታመመው ለደረጃ ነው፣ ለዳንስ አይደለም፤ ዝም ብለህ ዙር!» አለችው። አባባ በሳቅ ዕንባ በዕንባ ሆኑ።

ሁለተኛው ገጽ አለቀ። እንደ ቤታችን ልማድ ሁላችንም ተነሥተን ወጣን። ልማዱን አንቺም አትረሺውም፦ የመጨረሻው ዳንስ ሊያበቃ ሲል አባባ እጃቸውን ወደ በሩ ዘርጋ ያደርጋሉ፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ወጥተን በሩን እንዘጋለን፤ ጥቂት ቆይቶ መርፌው ሲነሣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ እንመለሳለን። ልብስ ሰፊው እንኳን ከጊዜ ብዛት ለምዶታል። ያን ቀን ግን ቀጭ የሚለው ድምፅ ወዲያው መጣ። ከዚያ የመጨረሻው ዳንስ ጭራ እንደገና ተሰማ፣ እንደገና ቀጭ አለ። ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። አክስታችን «ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። በሩን ከፍቼ ገባሁ። አባባ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቀኝ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈዋል። ቀና ብለው አዩኝና «የማጫወቻው ቀበቶ ላልቶ መሰለኝ፤ መጨረሻውን አላደርስ አለ» አሉኝ።

መነጽሬን አድርጌ የሽፋኑን ጀርባ አነበብኩ። ከላይ የገለበጥኩልሽን መስመሮች። «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ነውና ለእሳቸው ዓይን አይሆንም። «ምንም አይልም፤ ቀበቶው ይሆናል» አልኳቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አውቄ በተሳሳተ ሚዛን ላይ ማኅተም የመታሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱም አልጠቀመም፤ በማግሥቱ የልብስ ሰፊውን ማጉያ መነጽር ተውሰው ራሳቸው አነበቡት። ማታ ራት ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለልጅቷ እንዳትነግራት። ደስ ብሏት ነው የላከችው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ይኸው ቃሌን አፍርሼ እየነገርኩሽ ነው።

አሁን የምጽፍልሽን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ያ ሸክላ የተቀዳው እዚሁ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንቺ የስምንት ወር። ፍራሾቹ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ነበር፤ ከበሮ መቺው ድምፁ እንዳያይል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰው እንዳያንኳኳ የውጭ በር ጠባቂ ነበርኩ። እማዬ አንቺን አዝላ ወጥ ቤት ቆማለች፤ ድስት እንኳን እንዳታነሣ ተከልክላለች። ያን ሁሉ ጩኸት አንቺ በእንቅልፍ አሳለፍሽው። የመጨረሻው ዳንስ አልቆ ጸናጽሉ ገና ሳይከስም ነቃሽና እሪ አልሽ። ከበሮ መቺው «ኤጭ! ገደለችው!» ሲል እማዬ እየሳቀች ገባች። «ይብቃችሁ እንግዲህ፤ ልጄን አደነቆራችኋት» አለቻቸው። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ያንኑ የአባባን የቤዝ ምት ዝግ አድርጋ በአፍንጫዋ ታንጎራጉርልሽ ጀመር፣ ዝም እስክትዪ ድረስ። አባባ ቴፑን አላጠፉትም። ያን ጊዜ ያሳተመው ሰውዬ ይቆረጥ ሲላቸው «እሷ ከሌለችበት አላሳትምም» ብለው እንቢ አሉ።

እማዬ ያረፈችው አንቺ ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ ነው። ሦስት ፎቶግራፎች አሉን። ድምፅዋ ግን በዚህ ዓለም ላይ ያለው እዚያ ብቻ ነው። በሽፋኑ ላይ «አርባ ሰከንድ ያህል» ብላችኋል፤ አርባ አንድ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ሰከንድ መቁጠሪያ ተውሼ አባባ በሌሉበት ለክቼዋለሁ። ድንቡሼ፣ ጫጫታ ብለሽ ያስወገድሽው እናትሽን ነው። የምታለቅሰውም ሕፃን አንቺ ነሽ።

እንደማታውቂው አውቃለሁ። እንዴት ታውቂዋለሽ? በልጅነትሽ ሁሉ ያ ድምፅ ሲጀምር አንቺ ኮሪደር ላይ ነበርሽ። ለአቅመ መጠየቅ ስትደርሺ ደግሞ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ልማድን ማን ይጠይቃል? አባባ ሐዘናቸውን ብቻቸውን ሊያዝኑ አስወጡን፤ እኔ ደግሞ አንቺም የምታውቂ እየመሰለኝ፣ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ፣ አርባ ዓመት ዝም አልኩ። የአባባን ጥፋት እተወዋለሁ፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የራሴን ድርሻ ሳልሸራርፍ እቀበላለሁ። የአንቺ ድርሻ ግን አለ፣ አላቀልልሽም። በየካቲት ስለ ሽፋኑ ቀለም አራት ጊዜ ደውለሽ ጠይቀሽኛል። አረንጓዴው ይደምቅ ወይስ ይደብዝዝ ብለሽ ምሳዬን አስበርደሽብኛል። የአባትሽን ሥራ ከመቁረጥሽ በፊት ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብለሽ አንዴ እንኳ አልጠየቅሽም። ሰውየው በሕይወት አሉ። ስልክም አላቸው። የማታውቂውን ነገር ቆሻሻ ነው ብለሽ መፈረጅ ከየት ያመጣሽው ነው? ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?

ተቆጣሁ። ልመለስ።

ያስጨነቀኝን ልንገርሽ። የቤታችን አሮጌው ሸክላ መጨረሻው አልቋል። አባባ ያቺን ጠርዝ አርባ ዓመት ሲደጋግሟት መርፌው በልቷታል፤ ትናንት ሞከርኩት፣ እንደ ዝናብ ከሚንጣጣ ድምፅ በቀር እኔ ምንም አልሰማም። እሳቸው ግን የሚሰሙ ይመስለኛል፤ የሚሰሙት ከሸክላው ይሁን ከራሳቸው አላውቅም። ንጹሑ ያለው ባለፈው ዓመት አንቺ ራስሽ መጥተሽ በወሰድሽው የቴፕ ጥቅል ላይ ብቻ ነው። በጥር በላክሽው ደብዳቤ ደግሞ የድምፅ ባለሙያሽን ስታመሰግኚ እንዲህ ብለሽ ነበር፦ «እጁ ወርቅ ነው፤ የተሻከረውን የቴፕ ጫፍ በምላጭ ቆርጦ አዲስ ነጭ ክር ይቀጥልበታል።» ያን ጊዜ አንብቤ ጎበዝ ነው አልኩ። አሁን ያቺ ምላጭ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች። የተቆረጠው ቅጂው ነው ወይስ ዋናው የቴፕ ክር? ጫፉ ከተቆረጠ የት ወደቀ?

ጊዜም የለንም። የአባባ ግራ ጆሮ ጨርሶ ተዘግቷል። ቀኙን ያየው ሐኪም ለእኔ ለብቻዬ እንደነገረኝ፣ ከዓመት በኋላ በመስሚያ መሣሪያም ቢሆን ሙዚቃ ከንግግር መለየት ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ ሐምሌ 15 ይጀመራል ያልሽኝን ሁለተኛውን ሕትመት አስቁሚው። ሸሪክሽ ቢያጉረመርም የእኔን ስም ጥሪ፤ የሚያኮርፈው በእኔ ይሁን። የቴፑን ጥቅል ለማንም ሳትልኪ ራስሽ ሄደሽ አውጪና አንድ ሰው ሳይቀር አስወጥተሽ እስከ ጫፉ አዳምጪው። ካለ፣ ድምፁን ምንም ሳትነኩት፣ የከበሮ መቺውን «ኤጭ» ጨምሮ፣ በአንድ ሸክላ ላይ አስቀርጸሽ ቀድመሽ ለአባባ ላኪላቸው፤ ስለ ገበያው በኋላ እንነጋገራለን።

በስልክ እንዳትመልሺልኝ። ስልኩ ያለው አባባ ከሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ ነው፤ ደግሞም አንቺ በስልክ ስታለቅሺ ንዴቴ ይበርድና የምጠይቀውን እረሳለሁ። መልሱን በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ላኪው።

ባለቤትሽን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ የላከው የእጅ ሰዓት በቀን ሁለት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ ጥሩ ነው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አማትሽን ስለ ጤናቸው ጠይቄያቸዋለሁ በያቸው። የድምፅ ባለሙያውንም ሰላም በይልኝ፤ ሰላምታዬ በመልስሽ የሚወሰን ቢሆንም። ባለቤቴ ሰላም ትልሻለች፤ የልጃገረዶቹን ሸክላ አሁንም አላስነካም ብላኛለች። አክስታችን «ወገቧን በሞቀ ነገር ትሰረው» ብላለች። አባባ ይህን መጻፌን ስለማያውቁ ሰላምታ አላኩልሽም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ስምሽን ይጠራሉ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ክር አለ ወይስ የለም። ካለ «አለ» ብለሽ ጻፊ። ከሌለም ሳትሸፋፍኚ «የለም» ብለሽ ጻፊ፤ ለአባባ የምነግራቸው እኔ ነኝ፣ ለአንቺም የማዝንልሽ ያን ጊዜ ነው። መልስሽ በራስሽ እጅ ጽሑፍ፣ እስከ ሐምሌ 5 ቀን ድረስ እጄ እንዲገባ።

ወንድምሽ

ከአባባ ቤት፣ ፊተኛው ክፍል
ሰኔ 11 ቀን