የአባባ መኪና ገዢ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.
ኮልፌ

ዛሬም መኪናው አልተሸጠም። የአባባ ጥቁር የጀርመን መኪና እሱ ካረፈ ጀምሮ ስምንት ዓመት ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ጎማው ተኝቷል፤ ወለሉን ዝገት በልቶታል፤ ዶሮዎች የኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል ይጥሉበታል። ቀበሌ ደግሞ እስከ ሰኞ ካላነሳችሁት እኛ እንወስደዋለን ብሎናል።

ጦር ኃይሎች ጋራዥ ያለው መካኒኩ ሰይፉ በስንት ልመና መጣ። ሞተሩን አይቶ ወደደው። ልንጨባበጥ ስንል እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከቤት ወጣች።

"ልጄ፣ ልታድሰው ነው አይደል?"

ሰውዬው መዋሸት አልቻለም። "አይ እማማ፣ ፈታትቼ ለመለዋወጫ ነው የምወስደው።"

"እንግዲያው በሰላም ሂድ። የሚያድሰው እንጂ የሚበልተው ሰው አልፈልግም።"

ቀበሌ ሊወስደው እኮ ነው ብዬ ጮህኩባት። በገዛ እናቴ ላይ ጮህኩ! እሷ ግን "ይውሰዱት፤ በእጄ ግን ለእርድ አልሰጥም" ብላ ገባች።

ሰይፉን ሮጬ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረስኩበት። ነገ ተመልሰህ አድሰዋለሁ በላት አልኩት። "ኃጢአቱ ያንተ ነው" አለኝ። እሺ አልኩ።

ለእማዬ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ሊያድሰው ነው ስላት አቀፈችኝ። አሁን በመስኮት አያታለሁ። የመኪናውን መስተዋቶች በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ነው። ተይው፣ ለምን ትደክሚያለሽ ብላት፣ "ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ ሰፈሩ ይየው" አለችኝ።